ለዳለቻው በሬ የፈረምኩት ወረቀት

በሥራ ዘመኔ ስንት ወረቀት እንደፈረምኩ ቆጥሬ አላውቅም። የክትባት፣ የቆዳ ማለፊያ፣ የእርድ ፈቃድ፣ የጠፋ ከብት መታወቂያ፣ ምን ያልፈረምኩት አለ! ፊርማዬን ራሴ የሻርኩት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በደርግ ጊዜ፣ ወጣት ሳለሁ። ይህን ያጫወትኳቸው ሰዎች "አይ ጀግና!" ይሉኛል። አመሰግናለሁ፣ ግን ተሳስተዋል። የእኔ ድርሻ መጀመሪያ ማጥፋት፣ ቀጥሎ ማረም ነበር። እንደሱ ያለውን ነገር ማንም ጨዋ ሰው ያደርገዋል።

ተወልጄ ያደግኩት አሰላ ነው። አማርኛን ከቤት፣ ኦሮምኛን ከጎረቤት ልጆች፣ ግትርነትን ከሁሉም ተምሬያለሁ። በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሠልጥኜ ስመለስ ከሳጉሬ ከፍ ብላ ባለች ሁለት ክፍል ክሊኒክ ተመደብኩ። አንዱ ክፍል መድኃኒት ቤት፣ ሌላው ደግሞ እኔ የምጽፍበትና ዝናብ ሲመጣ ሁላችንም የምንጠለልበት ነበር። ከጭላሎ ተራራ በኩል የሚመጣው ብርድ አጥንት ይሰብራል። እኔ ግን ሃያ ሦስት ዓመቴ ስለነበር ብርዱም ሰዉም አያስፈራኝም ነበር።

ገበሬዎቹ መጀመሪያ ሳቁብኝ። "ላም ከሆነች እሺ፣ ይቺ ልጅ የኮርማን ነገር ምኑን ታውቀዋለች?" አለ አንዱ፣ ጮክ ብሎ፣ እንድሰማው። በሁለተኛው ሳምንት ይኸው ሰውዬ ኮርማውን ሊያስቀጠቅጥ ይዞ መጣ። የብረቱን መቀጥቀጫ አንስቼ ሥራዬን ጨርሼ ቀና ስል፣ አጥር ተደግፈው ከሚያዩት ወንዶች መካከል የሚስቅ አንድም አልነበረም። ሁለቱ እንዲያውም እግራቸውን አጣምረው ቆመው ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ "ዶክተር" ሆነ። ዶክተር አለመሆኔን ነገርኳቸው፤ አልሰሙኝም፤ እኔም ደጋግሜ አልነገርኳቸውም።

አንድ ደንብ ነበረኝ። በክሊኒኩ ግቢ ውስጥ ከብት አይመታም። ዱላ የያዘ ሰው ዱላውን በሩ ላይ አስደግፎ ነው የሚገባው፤ የገበያ ቀን ሲሆን በሩ ጎን የሚቆለለው ዱላ ለአንድ ሳምንት ማገዶ ይበቃ ነበር። ለከብት የማወጣው ድምፅና ለሰው የማወጣው ድምፅ ግን የአንድ ሴት አይመስልም። ላሟን "አይዞሽ እመቤቴ፣ አይዞሽ" እያልኩ አሻሽቼ ወደ ባለቤቷ ዞር ስል "እስከዛሬ የት ነበርክ? ዓይንህ አያይም?" ብዬ አፈጥበታለሁ። በዚህ ጠባዬ ሳፍር ሳይሆን ስኮራ ነው የኖርኩት። ከብት መናገር አይችልም፤ ሰው ግን አፍ አለው፣ የሚፈልገውን ይናገር፣ እል ነበር። አፍ ያለው ሁሉ መናገር የሚችል ይመስለኝ ነበር፤ ያውም በዚያ ዘመን!

በዚያ ዓመት በአቅራቢያችን ያለው የአምራቾች ማህበር ከመልባ ወደ ወልባ አደገ። ለማያውቀው ላስረዳ። በመልባ ጊዜ መሬቱ የጋራ ቢሆንም በሬው የባለቤቱ ነው። ወልባ ሲሆን በሬውም ሞፈር ቀንበሩም የማህበሩ ይሆናል። በአንድ ጧት አርባ ምናምን በሬ ከየቤቱ ተነድቶ በአንድ ትልቅ በረት ገባ። ባለቤት የነበረው ሁሉ "ባለቤት የነበረ" ሆነ። ማህበሩን ለመመረቅ ከበላይ አካል እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ስለነበር፣ ኮሚቴው በሬዎቹን እንደ ሰልፈኛ አሰለፋቸው። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር፣ ዳለቻ ከዳለቻ እየተመረጠ ተጣመረ። ማሳው ላይ ተደርድረው ሲታዩ ያምሩ ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም አይቼ አጨብጭቤያለሁ።

ግንቦት ላይ፣ እርሻው በተጧጧፈበት ሰሞን፣ ሰኞ ጧት የማህበሩ ሊቀመንበር ወደ ክሊኒኩ መጣ። ካኪው ተተኩሶ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ተሰክቶ። ክፉ ሰው ነበር ብል እዋሻለሁ። ከታች ካለው ሰው ይልቅ ከላይ ያለውን የሚሰማ፣ የላይኛው ሲያስነጥስ እሱ ጉንፋን የሚይዘው ዓይነት ሰው ነበር። ከኋላው ሁለት ሰዎች አንድ ትልቅ ዳለቻ በሬ እየጎተቱ፣ ሦስተኛው ከኋላ እየገፋ መጡ።

"ጓድ ዶክተር፣ ይህ በሬ አድኃሪ ነው" አለኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። "ምነው ጓድ ሊቀመንበር፣ ርስት አለው እንዴ?"

"አትሳቂ። ቀንበር ሲጫንበት ይተኛል። ሲነሳ ደግሞ ጓደኛውን ይገፋል። ሌላው ወዲህ ሲዞር እሱ ወዲያ ይዞራል። ሦስት ሰው ደበደበው፣ ምንም! ቅዳሜ እንግዶች ይመጣሉ፤ የማይሠራ በሬ ከምንቀልብ ለእነሱ ይታረድ ብለን ወስነናል።"

የእርሻ በሬ ያለ እኛ ወረቀት አይታረድም ነበር። "ለሥራ የማይረባ" ብለን ካልመሰከርን በቀር ቢላ አይነካውም። ጥሩ ደንብ ነበር፤ ዛሬም ጥሩ ደንብ ነበር እላለሁ። ሊቀመንበሩም የመጣው ለዚሁ ነው።

ምርመራዬን አላጓደልኩም። ጥርሱን አየሁ፤ አሥር ዓመት ገደማ ይሆነዋል። ሙቀቱን ለካሁ፣ ሰኮናውን አነሳሁ፣ ሆዱን አዳመጥኩ። ከስቷል፤ ጎድኑ ይቆጠራል። ጀርባው ላይ የዱላ ሰንበር አለ። ማጅራቱ ላይ፣ በአንድ በኩል፣ ቀንበር የላጠው ትኩስ ቁስል አለ። በሌላው በኩል ደግሞ ቆዳው እንደ ጫማ ሶል ደድሯል። ሁለቱንም አየሁ፣ ሁለቱንም በእጄ ዳሰስኩ። ወረቀቱ ላይ የጻፍኩት ግን ስለ ቁስሉ ብቻ ነው። "የከሳ፣ ማጅራቱ የቆሰለ፣ ቀንበር የማይቀበል፣ ለሥራ የማይረባ" ብዬ ፈረምኩና ማህተሙን እፍ ብዬ መታሁ።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና በሬውን ጀርባውን መታ መታ አደረገው። "በሬ ካራጁ ይውላል" አለና ሳቀ። ስለ ዱላው ተቆጣሁት። "እስከ ቅዳሜ ድረስ አንድ ሰው ቢመታው እከሳችኋለሁ" አልኩ። ሞቱን ፈርሜ ስለ ዱላው ስቆጣ የነበረኝ ልበ ሙሉነት አሁንም ያስገርመኛል።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት አንድ ሽማግሌ ከአጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አየሁ። ቡሉኮ ለብሰዋል፣ ነጭ ጥምጣም ጠምጥመዋል። ግቢ ሳይገቡ እንኳ ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈዋል።

"አባባ፣ ከብት አምጥተዋል?"

"አይ፣ ልጄ።"

"ታዲያ ምን ፈልገው ነው?"

"ትንሽ ልቀመጥ ብዬ ነው።"

"ይቀመጡ፣ ድንጋዩ አይከፈልበትም" አልኩና ገባሁ። ሥራ ጨርሼ ስወጣ ሄደዋል።

ማክሰኞም መጡ። እኔ እጄ እስከ ክንዴ ድረስ ምጥ የያዛት ላም ውስጥ ነበር፤ ጥጃው በጎኑ ተጋድሞ አልወጣ ብሏል። ሽማግሌው በዚህ ጊዜ ከድንጋዩ ተነስተው ወደ እኔ ቀረብ አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቀና ሳልል፣ "አባባ፣ ስለ ሥጋው ከሆነ እኔ አላከፋፍልም፤ ማህበሩ ጋ ሄደው ይጠይቁ!" አልኳቸው። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ያን ሰሞን ስለ ቅዳሜው ሥጋ ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ብዙ ስለነበር እሳቸውንም ከዚያ ቆጠርኳቸው።

"ሥጋ?" አሉ። ቃሉን ከዚያ በፊት ሰምተውት የማያውቁ ይመስል ነበር። ከዚያ ዱላቸውን አንስተው ሄዱ።

ጥጃው ወጣ፣ ላሚቱም ተነሳች። እጄን ስታጠብ ውሃ የሚያፈስልኝ የክሊኒኩ ዘበኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ዶክተር፣ ሰውዬውን አላወቅሻቸውም እንዴ?" አለኝ።

"የት አውቃቸዋለሁ?"

"የዳለቻው በሬ ባለቤት ናቸው እኮ። ነበሩ ማለቴ ነው።"

ላሚቱን "እመቤቴ" ስል ከርሜ ሁለት ቀን ደጄ የተቀመጡትን ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ዓይናቸውን አላየሁም። አፈርኩ፣ ደግሞም ተናደድኩ። ሳፍር መናደድ ልማዴ ነው፤ የሚናደዱበት ሰው ሲጠፋ በተለይ ይብሳል።

በማግስቱ ክሊኒኩን ቀደም ብዬ ዘግቼ ቤታቸው ሄድኩ። ደጃቸው ላይ ተቀምጠው የቆዳ ጠፍር ያለፋሉ፤ ለየትኛው በሬ እንደሚሆን እንጃ። ባለቤታቸው አንድ ትልቅ ጣሳ ወተት አቀረቡልኝ፤ እንግዳ ነኝና።

"አባባ፣ ትናንት ያልኩትን ይርሱልኝ።"

"ረስቼዋለሁ" አሉ ቶሎ ብለው፤ አለመርሳታቸው የገባኝ ከፍጥነታቸው ነው።

"በሬው የእርስዎ እንደነበር ለምን አልነገሩኝም?"

"ጠየቅሽኝ እንዴ፣ ልጄ? የጠየቅሽው በሬውን ነው። እሱ ደግሞ ኦሮምኛም አማርኛም አይችልም።"

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ጠፍሩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ቀስ ብለው ነገሩኝ። ዳለቻው የቀኝ በሬ ነው። ወይፈን ሳለ ሲገሩት በቀኝ ነው የጠመዱት፤ ሰባት ዓመት ሙሉ በቀኝ ነው ያረሰው። በግራው በኩል የሚጠመደው የእሳቸው ቀይ በሬ ነበር። ኮሚቴው ዳለቻን ከዳለቻ ሲያጣምር የሰጠው ጓደኛ ደግሞ እሱም የቀኝ በሬ ሆነ። ያኛው ወጣት ስለሆነ ቀኙን ያዘ፤ የእሳቸው በሬ ወደ ግራ ተገፋ።

"የግራው በሬ የሚዞረው ሌላ፣ የሚደገፈው ሌላ ነው" አሉ። "እኔን የዚህ ዕድሜ ሰው ከነገ ጀምሮ በግራ እጅህ ብላ ቢሉኝ እችላለሁ? አልችልም። ቢደበድቡኝስ? ወላሂ፣ ያን ጊዜማ ጭራሽ እተኛለሁ።"

"ይህን ሌላው ገበሬ አያውቅም?"

"ሁሉም ያውቃል።"

"ታዲያ አንድ ሰው እንዴት አይናገርም?"

ወደ ጓሮው አዩ። አሥራ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጃቸው እንጨት ይፈልጣል። "የውትድርናውን ስም ዝርዝር የሚጽፈው ማን ነው?" አሉኝ። ሊቀመንበሩ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። "በሬዬ የሚል ሰው ማህበሩን የተቃወመ ሰው ነው። 'አሻጥር' ይሉታል። ልጄን በበሬ አልለውጥም። በሬውን ግን…" ብለው ተዉት። ጠፍሩን አንስተው ማልፋት ቀጠሉ።

እንግዲህ እኚህ ሰው ሊናገሩ የሚችሉት የመጨረሻው ነገር ድንጋይ ላይ መቀመጥ ነበር፤ ተናገሩም። እኔ ነኝ ያልሰማሁ።

"እርስዎ ምንም አልነገሩኝም" አልኳቸው። "እኔም እዚህ ቤት አልመጣሁም። ወተቱንም አልጠጣሁም።" የቀረውን ጨልጬ ጣሳውን መለስኩ። ያን ጊዜ ትንሽ ሳቁ።

ሐሙስ ጧት ቦርሳዬን አንግቤ ማህበሩ ማሳ ላይ ተገኘሁ። ሊቀመንበሩ እንዳየኝ፣ "ወረቀቱን ጨርሰናል እኮ" አለኝ።

"እኔ አልጨረስኩም። ምርመራውን ሳልጨርስ ነው የፈረምኩት። በሬው ይምጣ።"

በሬው ሲመጣ አራሾቹ ሁሉ ሥራ አቁመው ተሰበሰቡ። የሊቀመንበሩን እጅ ይዤ በደደረው ቆዳ ላይ አሳረፍኩት። "እዚህ ጋ ይዳስሱ። ይህ የዛሬ ወይም የአምና አይደለም፤ ዓመታት የሠሩት ነው። ቁስሉ ደግሞ በሌላው በኩል ነው። ቀንበር አንደኛውን ጎን ይበልጥ ይፈትጋል። ይህ በሬ ዕድሜውን በሙሉ በአንድ በኩል ተጠምዶ ኖሮ አሁን ጎኑ ተቀይሮበታል። አድኃሪ ሳይሆን ግራ የተጋባ በሬ ነው።"

"ይህን ከየት አወቅሽ?"

"ከአንገቱ።"

እውነቴን ነበር፤ ሁሉ ነገር አንገቱ ላይ ነበር፣ ሰኞም ነበር። አንገቱን እንዳነብ ያስተማሩኝ ሽማግሌ ከሰው ኋላ ቆመው መሬት መሬት ያያሉ።

"ከዚያ ቀይ በሬ ጋር ይጠመድ፣ በቀኝ በኩል" አልኩ።

"ለምን ከቀዩ?"

"ቁመታቸው ይመጣጠናል።" ይህቺ ውሸት ነበረች። ቀዩ በአንድ ስንዝር ያጥራል። ማንም አላረመኝም።

ቁስሉን አጥቤ፣ ቅባት ቀብቼ፣ በወፍራም ጨርቅ ሸፈንኩትና "ለሁለት ትልም ብቻ" ብዬ አስጠነቀቅኩ። ቀዩ በግራው መጥቶ ሲቆም ዳለቻው አንገቱን ዘርግቶ አሸተተው። ቀንበሩ ተጫነ። ይተኛል ብለን ስንጠብቅ አልተኛም። አራሹ "ሃ!" ሲል ሁለቱ እኩል ተንቀሳቀሱ፤ ትልሙም ቀጥ ብሎ ሄደ። ጫፍ ደርሰው ሲዞሩ ጅራፍ ያነሳ ሰው አልነበረም። አንድ ሰው "አጃኢብ!" አለ። ሌላው ሁሉ ዝም አለ፤ የተገረመ ሰው ዝምታ ግን አልነበረም፤ የሚያውቀው ነገር ሲደረግ ያየ ሰው ዝምታ ነበር። ሽማግሌውን ፈለግኳቸው። ቡሉኳቸውን ወደ ላይ ስበው ፊታቸውን ሸፍነዋል። ደስ አለኝ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጥቂት ጊዜ ነው።

ሊቀመንበሩ ባርኔጣውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። "ጥሩ ነው። በሬው ይሠራል" አለ። ከዚያ ከኪሱ ወረቀቴን አወጣ። "ግን እንግዶቹ ከነገ ወዲያ ናቸው፤ በሬ ይታረዳል ተብሎ ለበላይ ተነግሯል። አንቺ ዓይን አለሽ፤ ሌላውን አንቺ ምረጪ። ወረቀቱን እንዳዲስ መጻፍም አያስፈልግም። 'ዳለቻ' የሚለውን ሰርዘሽ የሌላውን ቀለም ጻፊበት፤ በቃ።"

አንድ ቃል። ቀይ፣ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቡላ። ደረት ኪሱ ላይ ከነበሩት ከሁለቱ እስክሪብቶዎች አንዱን ነቅሎ ሰጠኝ። ቀና ብዬ አየሁ። ያ ሁሉ ገበሬ እኔን አይደለም የሚያየው፤ እያንዳንዱ የሚያየው የራሱን የነበረውን በሬ ነው። ቀዩን ባለቤቱ ያየዋል፣ ጥቁሩን ባለቤቱ ያየዋል። አንዳንዱ በሬው እንዳይታይበት ይመስል ቀስ ብሎ ፊት ለፊቱ ቆመ። የዚያን ያህል የሚያስጠላ ሥልጣን ከዚያ በፊትም በኋላም ይዤ አላውቅም።

ወረቀቱን ቦርሳዬ ላይ ዘርግቼ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ መስመር አሰመርኩበት። ጎኑ ላይ "ተሳስቻለሁ። በሬው ጤነኛ ነው። ከማህበሩ በሬዎች መካከል ለሥራ የማይረባ አላገኘሁም" ብዬ ጽፌ ፈረምኩ።

ሊቀመንበሩ አነበበው። ደግሞ አነበበው። "ይህ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ፣ ጓድ? አሻጥር ይባላል።"

አልዋሽም፣ ፈርቼ ነበር፤ በዚያ ቃል ስንቱ ሰው እንደወጣ እንደቀረ ሁላችንም እናውቃለን። አንደበቴ ግን አልፈራም። "አሻጥርማ በእርሻ ወቅት የሚያርስ በሬ አርዶ መብላት ነው" አልኩ። "ለወሩ ሪፖርት እየጻፍኩ ነው፤ የትኛውን ልጻፍ? የማህበሩ በሬዎች በሙሉ ጤነኞች ናቸው ልበል፣ ወይስ ለእንግዳ ሲባል ጤነኛ በሬ ታረደ ልበል?"

ሪፖርት የሚለው ቃል የት እንደሚነካው አውቄ ነው። ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ይዞት ቆመ፤ ሪፖርቱ የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንደሚያርፍ በልቡ ያሰላ ነበር መሰለኝ። በመጨረሻ አጥፎ ኪሱ ከተተው። "እሺ" አለ። "በሬ ይቅር። ከየሦስት ቤቱ አንድ አንድ በግ ይምጣ።" ገበሬዎቹ በአንድ ላይ ተነፈሱ።

ወደ ክሊኒኬ ስመለስ እግሬ መሬት አልነካም። ዘበኛውን ሳይጠይቀኝ ሁሉንም ነገርኩት፤ ሁለት ጊዜ ነገርኩት። ከዚያ ወዲህ ደንቤን ቀይሬያለሁ፤ ከብት ሲመጣ መጀመሪያ ባለቤቱን አስቀምጬ እጠይቃለሁ፣ ከዚያ ነው ከብቱን የማየው። በኋላ ያስተማርኳቸው ልጆች ይህን ሲሰሙ ጊዜ ማባከን ይመስላቸዋል። ይምሰላቸው። ለከብት የሚራራና የባለቤቱን አፍ የሚዘጋ ሰው ግማሽ ርኅራኄ ነው ያለው፤ ግማሽ ርኅራኄ ደግሞ እንደ ግማሽ ድልድይ ነው፣ ማንንም አያሻግርም። ይህን ስል ቅንጣት አልጠራጠርም።

ቅዳሜ ደረሰ። በጎቹን እንድመረምር ተጠርቼ ማህበሩ በር ላይ ቆምኩ። ድንኳን ተተክሏል፣ ቀይ ጨርቅ ተሰቅሏል። ከድንኳኑ ጀርባ በአንድ በኩል የእስላም፣ በሌላው በኩል የክርስቲያን ማረጃ ተዘጋጅቷል፤ አብዮቱ መሬቱንና በሬውን ሲቀላቅል ሥጋውን ሊቀላቅለው አልቻለም። በግ እየጎተቱ የሚመጡትን እያየሁ፣ ዓይን እየገለጥኩ፣ እያሳለፍኩ ነበር። ሽማግሌው አንድ ነጭ ሙክት ይዘው መጡ። ፀጉሩ የታጠበ፣ ጀርባው በስብ የሰፋ፣ በቤት የተቀለበ ነው።

"አባባ፣ ይህ ለአረፋ ያሰቡት አይደለም?"

"ነበር" አሉ።

ያ ሁሉ ኩራቴ ከላዬ ላይ ወረደ። የማህበሩን በሬ ሳድን ቅጣቱ የወረደው በእሳቸው ጓሮ ላይ ነው። በሬው እንደሆነ አልተመለሰላቸውም፤ የማህበሩ ነው። "እኔ ነኝ ያስወሰድኩብዎ" አልኳቸው።

"ተይ፣ ልጄ። በግ በግ ነው። ለመበላት አሳደግኩት፤ ሌላ ነገር ነግሬው አላውቅም፣ ምንም አላስተማርኩትም።" ዙሪያቸውን አይተው ወደ ጆሮዬ ቀረቡ። "በሬውን ግን አስተምሬዋለሁ። ና ስለው ይመጣል። ቁም ስለው ይቆማል። ሰባት ዓመት ድምፄን ሰምቶ አንድ ቀን አላሳፈረኝም። ሰኞ ዕለት ሊቀመንበሩ ወረቀትሽን ይዞ ካንቺ እንደወጣ የመጣው እኔ ቤት ነው። 'በሬህ ከበረት አልወጣም ብሎ ሦስት ሰው ነው ጎትቶ ያወጣው። እንግዳ ፊት አያዋርደን፤ ካንተ በቀር ማንንም አይከተልም። ቅዳሜ ራስህ ጠርተህ፣ ራስህ መርተህ ታመጣዋለህ' አለኝ።"

ወደ በረቱ አዩ።

"ና ልለው ነበር" አሉ። "እሱም ይመጣ ነበር።"

በጉ ከኋላቸው ቆሞ የቡሉኳቸውን ጫፍ ያሸታል። ገመዱ ላልቷል፤ እስከዚያ ድረስ ሳይጎትቱት ነበር የተከተላቸው።

"ይስጡኝ፣ አባባ" አልኳቸው። ገመዱን ከእጃቸው ተቀብዬ በጉን እኔ መራሁት።